ሞዴል መምረጥ ኢኮኖሜትሪክስ ማወቅ አይደለም

ተግባራዊ ኢኮኖሜትሪክስ ስለ ሰው ኑሮ፣ ስለ ገበያና ስለ መንግሥት ፖሊሲ የሚነሣን ጥያቄ በመረጃ የመመለስ ሙያ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍሎች ሥር የሰደደው አመለካከት ግን ሌላ ነው። በዚያ አመለካከት ኢኮኖሜትሪክስ ማወቅ ማለት ለመረጃው የሚስማማውን ሞዴል መምረጥ፣ በሶፍትዌር ማስኬድ፣ የምርመራ ፈተናዎቹን ማሳለፍና ኮከብ ያገኙትን (በስታቲስቲክስ ጉልህ የተባሉትን) ቁጥሮች መተርጎም ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ገና ሳይጠራ ተማሪው አማካሪውን የሚጠይቀው «ምን ሞዴል ብጠቀም ይሻላል?» ብሎ ነው። የሚጠናው ነገር አዎ ወይም አይደለም የሚባል ከሆነ ሎጂት ወይም ፕሮቢት፣ ዜሮ ከበዛበት ቶቢት፣ ተጠቃሚና ተጠቃሚ ያልሆነ ካለ ፕሮፔንሲቲ ስኮር ማቺንግ፣ የሠላሳ ወይም የአርባ ዓመት መረጃ ከሆነ ኤአርዲኤል። ይህ ዝርዝር በቃል ይያዛል፤ በዲፌንስ ዕለትም የሚጠየቀው እሱው ነው።

ለዚህ አካሄድ የሚሰጠው ምክንያት ተራ አይደለም፤ በአግባቡ ሊቀርብ ይገባዋል። ኢኮኖሜትሪክስ በሒሳብና በስታቲስቲክስ ላይ የቆመ ስለሆነ ታሳቢዎቹን ያልተማረ ሰው ቁልፍ ከመጫን አያልፍም፤ ስለዚህ ቲዎሪው ቀድሞ ተግባሩ ይከተል ይባላል። የምርመራ ፈተናዎች የተመራማሪውን ዝንባሌ የሚገቱ ገለልተኛ ዳኞች ናቸው፤ ተማሪ ሁሉ በአንድ መለኪያ እንዲመዘን ያደርጋሉ ይባላል። የአገሪቱ መረጃ ጥቂትና ጥራቱ ያልተሟላ በመሆኑ ጉድለቱን የሚያካክሰው የረቀቀ ሞዴል ነው የሚሉም አሉ። በዚያ ላይ ቀጣሪው የሚፈልገው ስታታ ወይም አር የሚችል ሰው ነው፤ ክፍሉም በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ እያንዳንዱን ተማሪ ከመረጃው ምንጭ ጀምሮ ማስተማር የማይደረስበት ምኞት ነው ይባላል። ይህን የሚሉት ሰነፍ መምህራን አይደሉም። ብዙዎቹ በጠባብ ጊዜና ከድካማቸው ጋር በማይመጣጠን ደመወዝ የሚለፉ ናቸው። ክርክራቸው ግን አንድ በአንድ ሲመረመር አይቆምም።

ገለልተኛ ዳኛ ከተባሉት ፈተናዎች መጀመር ይሻላል፤ የአመለካከቱ ምሰሶ እነሱ ናቸውና። በኢትዮጵያ በስፋት የሚነበበው የዳሞዳር ጉጃራቲ መማሪያ መጽሐፍ ለመልቲኮሊኒያሪቲ፣ ለሄትሮስኬዳስቲሲቲና ለኦቶኮሪሌሽን በተከታታይ ሙሉ ሙሉ ምዕራፍ ይሰጣል። ክፍል ውስጥም የሴሚስተሩ ትልቁ ድርሻ በእነዚህ ሦስቱ ያልቃል። ለመሆኑ ሦስቱ የሚያበላሹት ምንድን ነው? ሄትሮስኬዳስቲሲቲ ግምቱን ከእውነቱ አያርቅም፤ የሚያበላሸው የግምቱን የስሕተት ልክ ነው። ለዚያም ሃልበርት ዋይት እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ መድኃኒት ተገኝቶለታል፤ ዛሬ በትእዛዙ መጨረሻ ላይ አንድ ቃል መጨመር ይበቃል። መልቲኮሊኒያሪቲም ግምቱን አያዛባም፤ መረጃው ሁለት ነገሮችን ለይቶ ለማየት እንደማይበቃ ብቻ ይናገራል። ኦቶኮሪሌሽንም ቢሆን፣ ማብራሪያ ተለዋዋጮቹ ከስሕተቱ ጋር እስካልተያያዙ ድረስ፣ እንደ ሁለቱ ነው። የቀሪዎች ኖርማል መሆን በብዙ መቶ ናሙና ላይ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ጉዳይ አይደለም።

ግምትን ከሥሩ የሚያዛባው ሌላ ነው፦ ተመራማሪው ውጤቱን ሊለካለት የፈለገው ነገር በሞዴሉ ውስጥ ካልገባ ነገር ጋር መያያዙ። ማዳበሪያ የተጠቀመው ገበሬ ማዳበሪያ ባይጠቀም ኖሮስ ከጎረቤቱ የተሻለ ያመርት ነበር ወይ? መሬቱ ለም፣ መንገዱ ቅርብ፣ ራሱም ትጉ ከሆነ የማዳበሪያው ኮኤፊሸንት የሚለካው ማዳበሪያውን ብቻ አይደለም። ይህን የትኛው ፈተና ያጋልጣል? አንዱም አያጋልጥም። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም፤ ተማሪው ራሱ በወረቀት ላይ ሊያረጋግጠው ይችላል። የተለመደው የሪግረሽን ዘዴ ኦኤልኤስ ሲሰላ ቀሪዎቹ ከማብራሪያ ተለዋዋጮቹ ጋር ያላቸው ተዛምዶ ዜሮ እንዲሆን ሆኖ ነው የሚሰላው። ሞዴሉ ትክክል ቢሆንም ባይሆንም ዜሮ ነው። እንግዲህ ዜሮ እንዲሆኑ የተደረጉትን ቀሪዎች አገላብጦ በማየት የተደበቀውን ግንኙነት ማግኘት አይቻልም። ሙቀት ለክቶ ትኩሳት የለውም ያለ ሐኪም አጥንቱ አለመሰበሩን አላረጋገጠም።

አንድ ፈተና በቅርበት መታየት አለበት፤ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች አራተኛ ምዕራፍ ውስጥ ይገኛልና። ራምሴይ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበው ሪሴት የሚባል ፈተና በስታታ ሲታዘዝ የሚያወጣው ባዶ መላምት በቀጥታ ሲነበብ «ሞዴሉ የተተወ ተለዋዋጭ የለውም» የሚል ነው። ተማሪው ፒ-ቫልዩው ከ0.05 መብለጡን አይቶ «ሞዴሉ የተተወ ተለዋዋጭ እንደሌለው ተረጋግጧል» ብሎ ይጽፋል፤ ፈታኙም ያልፈዋል። ፈተናው የሚሠራው ግን ሞዴሉ የገመታቸውን እሴቶች ካሬና ኪዩብ አድርጎ መልሶ በማስገባት ነው። ቀጥተኛ መስመር ይበቃል ወይስ መታጠፍ ነበረበት የሚለውን ከመለየት አያልፍም። የገበሬው ትጋት፣ የአፈሩ ለምነት፣ የቤተሰቡ ዝምድና ከቀበሌ ሹመኛው ጋር፣ እነዚህ በመጠይቁ ውስጥ ከሌሉ ሪሴት ከየት ያመጣቸዋል? ከዳታው ውጭ ያለን ነገር ከዳታው ውስጥ በተሠራ ቀመር ማግኘት አይቻልም። ይህን ለማወቅ ከፍተኛ ሒሳብ አያስፈልግም፤ ፈተናው ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ጉዳዩ ደግሞ ግምት አይደለም፤ ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት በተግባር ታይቷል። ሮበርት ላሎንድ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ በ1970ዎቹ በዕጣ የተካሄደን የሥራ ሥልጠና ፕሮግራም ወሰደ። ዕጣው ትክክለኛውን ውጤት ያሳያል። ከዚያ ዕጣ የደረሳቸውን ሰዎች ከአገር አቀፍ ጥናቶች ከተወሰዱ ሌሎች ሰዎች ጋር በማነጻጸር በዘመኑ የታወቁትን የኢኮኖሜትሪክስ ሞዴሎች ሞከረ። ሞዴሎቹ የዕጣውን ውጤት መልሰው ማግኘት አልቻሉም። ይበልጥ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው፤ የተለመዱትን የምርመራ ፈተናዎች ያለፉት ሞዴሎችም ቢሆኑ ስተዋል። ፈተናን ማለፍ የትክክለኛነት ማስረጃ ነው የሚለው እምነት በዚያ ጥናት ወድቋል፤ የመማሪያ ክፍሉ ግን እምነቱን እስካሁን ያስተምራል። ይህም የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም፤ ጆሹዋ አንግሪስትና ዮርን-ስቴፈን ፒሽከ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያ ዲግሪ የኢኮኖሜትሪክስ ትምህርት ከሙያው አሠራር በእጅጉ ወደ ኋላ መቅረቱን በሰፊው ጽፈዋል።

በኢትዮጵያ የተለመደው መልስ «ለዚህ እኮ ነው ማቺንግ የምንጠቀመው» የሚል ነው። ፖል ሮዘንባምና ዶናልድ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡት ይህ ዘዴ የከበረ ሐሳብ ነው፤ ገደቡ ግን ከመጀመሪያው የተነገረ ነው። የሚያመሳስለው የተለኩትን ነገሮች ብቻ ነው። የአንድ ወረዳ ገበሬዎች በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በቤተሰብ ብዛት፣ በመሬት ስፋት፣ በከብት ብዛትና ከገበያ ባላቸው ርቀት ተመሳስለው ሲያበቁ አንዱ ምርጥ ዘር የወሰደው ሌላው ያልወሰደው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ የጥናቱ ልብ ነው። መልሱ ደግሞ በሶፍትዌሩ ውስጥ የለም፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ዘንድ ነው። ዘሩ የመጣው ስንት ኩንታል ነበር? ለማን ቀድሞ ታደለ? ሞዴል አርሶ አደር ለተባሉት ከሆነ፣ እነሱ ሞዴል የተባሉት ቀድሞውንም ብዙ ስለሚያመርቱ አይደለምን? ወደ ወረዳው ሄዶ ይህን ያልጠየቀ ተማሪ ማቺንግ፣ ሄክማን ወይም ኢንዶጂነስ ስዊቺንግ ቢጠቀም ልዩነቱ የሠንጠረዡ ርዝመት ነው።

የናሙናው ነገርም ከዚህ አይለይም። የናሙናን ብዛት የሚወስነው የያማኔ ቀመር የሌለበት የወረዳ ጥናት ማግኘት ከባድ ነው። 10,000 አባወራ ባለበት ወረዳ በአምስት በመቶ የስሕተት ወሰን ቀመሩ 385 ይላል፤ 385 ይወሰዳል። ቀመሩ የተሠራው ግን አንድን ምጣኔ፣ ለምሳሌ ከአባወራዎቹ ስንት በመቶው ምርጥ ዘር እንደሚጠቀሙ፣ ለመገመት ነው። ምርጥ ዘሩ ገቢን በስንት እንደሚለውጥ ለማወቅ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ አይናገርም፤ ተጠቃሚዎቹ ስንት እንደሆኑና ገቢያቸው ምን ያህል እንደሚለያይ አያውቅምና። በዚያ ላይ 385ቱ የሚወሰዱት ብዙ ጊዜ ከሦስትና ከአራት ቀበሌ ነው። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ዝናባቸው አንድ፣ መንገዳቸው አንድ፣ የልማት ሠራተኛቸውም አንድ ነው። ዘሩ የተዳረሰው በቀበሌ ከሆነ በተግባር የሚነጻጸሩት 385 አባወራዎች ሳይሆኑ አራት ቀበሌዎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ነው። በግብርና ኢኮኖሚክስ ለረጅም ዘመን ሲያከራክር የኖረ አንድ ግኝት አለ፦ አነስተኛ ማሳ በሄክታር ሲሰላ ከሰፊ ማሳ የበለጠ ያመርታል የሚል። ግኝቱ በብዙ አገር ተደጋግሟል፤ የመሬት ፖሊሲ ክርክርም ተመሥርቶበታል። ሳም ደሲየርና ዲን ጆሊፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ይህን ጉዳይ በኢትዮጵያ ገበሬዎች ማሳ ላይ መረመረ። መረጃው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት የሚባለው ነው። በዚህ ጥናት የአንድ ማሳ ምርት በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ገበሬው ራሱ ስንት እንዳመረተ ሲናገር ነው። ሁለተኛው ከማሳው ውስጥ በዕጣ የተለየች አነስተኛ ካሬ ቦታ ላይ ያለው ሰብል በጥናቱ ሠራተኞች ታጭዶ ሲመዘን ነው። በገበሬው ቃል ሲሰላ አነስተኛው ማሳ በግልጽ ይበልጣል። በሚዛኑ ሲሰላ ግን ግንኙነቱ ይጠፋል። በአነስተኛ ማሳ ላይ ገበሬዎች ምርታቸውን ከፍ አድርገው፣ በሰፊ ማሳ ላይ ደግሞ ዝቅ አድርገው የመናገር ዝንባሌ ነበራቸው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው መንገድ የተሠራው ሪግረሽን ባለ ሦስት ኮከብ ነው። ሄትሮስኬዳስቲሲቲው ሊታረም፣ የመልቲኮሊኒያሪቲ መለኪያው ቪአይኤፍ ከአሥር በታች ሊሆን፣ ሪሴቱም ሊያልፍ ይችላል። ናሙናው በሺዎች ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ግኝቱ ስለ መሬት ሳይሆን ስለ አነጋገር ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱን የያዘው የረቀቀ ሞዴል ነው? አይደለም፤ ሚዛን ነው። ኩንታል የሚባለው በየት ገበያ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ጥማድ በየአገሩ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚያህል፣ ገበሬው የተጠየቀው አዝመራ በተሰበሰበ በስንተኛው ወር እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ወደዚህ እውነት ይቀርባል። ከሌሎች አገሮች ተማሪዎች ይልቅ ይህን መጠየቅ የሚቀለው የገበሬ ልጅ ለሆነው የኢትዮጵያ ተማሪ ነው። ትምህርቱ ግን ያንን ዕውቀቱን ከክፍሉ ደጃፍ አስቀምጦ እንዲገባ ያስገድደዋል።

በዓመታዊ አገራዊ መረጃ ላይ የሚሠሩት ጽሑፎች ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነው። «የምንዛሪ ተመን በኢትዮጵያ የወጪ ንግድ ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርእስ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መደርደሪያ ላይ አለ። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ አርባ ያህል ዓመታት ይወሰዳሉ፣ የዩኒት ሩት ፈተና ይደረጋል፣ ፔሳራን፣ ሺንና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት የባውንድስ ፈተና ይከተላል፣ የረጅምና የአጭር ጊዜ ኮኤፊሸንት ይወጣል። ወደ ቁጥሩ እንመለስ ቢባል ግን ምን ይታያል? ብር ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በዶላር 2.07 ላይ ተቸንክሮ ነበር። ከናሙናው እኩሌታ ለሚሆነው ጊዜ ማብራሪያ ተለዋዋጩ አልተለዋወጠም። ከዚያ በአንድ ቀን 5.00 ሆነ። በዚያው ሰሞን ግን ሥርዓተ መንግሥቱ ተለውጧል፣ የዕዝ ኢኮኖሚው ፈርሷል፣ ጦርነቱ አብቅቷል፣ ኤርትራም ተለይታ ሄዳለች። የወጪ ንግዱ ቢጨምር ከእነዚህ የትኛው ጨመረው? ይህን የሚለይ የባውንድስ ፈተና የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ነጋዴው የሚያስበው በባንኩ ተመን ብቻ ሳይሆን በጥቁር ገበያውም ነበር፤ በሠንጠረዡ ያለው ግን የባንኩ ተመን ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት ለሁሉም ታይቷል።

ሌሎቹ ተለዋዋጮችም እንዲሁ ናቸው። የነፍስ ወከፍ ገቢ አካፋዩ ሕዝብ ነው፤ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አካፋይ ትንበያ ነው። አገር አቀፍ የሰው ኃይል ጥናት የተካሄደው በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ከዓለም አቀፍ ድረ ገጽ የወረደው ያልተቋረጠ ዓመታዊ የሠራተኛ ቁጥር ከየት መጣ? በሞዴል ተሞልቶ ነው። ተማሪው የሌላ ሰው ሞዴል ያወጣውን ለስላሳ መስመር እንደ ተለካ ቁጥር ወስዶ የራሱን ሞዴል ይሠራበታል፤ ዩኒት ሩት መኖር አለመኖሩንም ይመረምራል። አብረው የሚያድጉ ሁለት መስመሮች ያለ ምንም ዝምድና እንደሚዛመዱ ደግሞ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የታወቀ ነው። ኡድኒ ዩል እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸም ጋብቻ ድርሻና የሞት መጠን 0.95 ተዛምዶ እንዳላቸው አሳይቶ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ግሬንጀርና ኒውቦልድ እ.ኤ.አ. በ1974 ለምን እንደሚሆን አስረድተዋል። የዛሬው ተማሪ ግሬንጀርን በስም ያውቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ማለፍ እንደሚገባው ፎርማሊቲ አድርጎ ነው የተማረው።

መረጃ ስለሌለ በረቀቀ ሞዴል እናካክስ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል። ሞዴል የሌለን መረጃ አይፈጥርም። ደግሞስ መረጃ የለም ማን አለ? ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናቱ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ ዙሮች ተሰብስቦ ለማንኛውም ተመራማሪ በነፃ ክፍት ነው። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል የተሳተፈበት የገጠር አባወራ ጥናት 15 መንደሮችን እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2009 ተመላልሶ ጎብኝቷል። የዓለም ተመራማሪዎች በእነዚህ መረጃዎች ታላላቅ ጽሑፎች አውጥተዋል። መረጃዎቹ የተሰበሰቡበት አገር ተማሪ ግን መጠይቁን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነብ ይመረቃል።

የንጽጽር ምንጭ ደግሞ በአገሩ ሞልቷል። የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለዚህ ዋነኛው ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተመዝግበው ቆጥበዋል፤ ቤቱ በዕጣ ተከፋፍሏል። የቤት ባለቤትነት ሥራን፣ የልጆችን ትምህርትና የሰውን ኑሮ ምን ያህል ይለውጣል ለሚለው ጥያቄ የደረሰውንና ያልደረሰውን ማነጻጸር ከየትኛውም የተወሳሰበ ሞዴል የበለጠ ታማኝ መልስ ይሰጣል፤ የውጭ ተመራማሪዎችም ተጠቅመውበታል። ጠንቃቃ ተማሪ ግን እዚህም ይጠይቃል። ዕጣው ዕጣ ነበር ወይ? ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው 14ኛው ዙር ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ገብቶበት በመገኘቱ ተሰርዟል። ለሴቶችና ለመንግሥት ሠራተኞች የተለየ ድርሻ መኖሩስ በንጽጽሩ ውስጥ ተቆጥሯል? የደረሳቸውስ ገቡበት ወይስ አከራዩት? ይህን ጥያቄ የሚያነሣው የከተማው ልጅ ነው። ይህ ጥያቄ ኢኮኖሜትሪክስ ነው፤ ትእዛዙን መተየብ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ ያደረጉት ሙከራም ተመሳሳይ ትምህርት አለው። በአምስት ድርጅቶች ለሥራ ካመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች መካከል ማን እንደሚቀጠር፣ ማን ገንዘብና የንግድ ሥልጠና እንደሚያገኝ፣ ማንስ እንዳለ እንደሚቆይ በዕጣ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ከተቀጠሩት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመቱ ሳይሞላ ሥራውን ለቀዋል፤ ገቢያቸውም ካልተቀጠሩት አልተሻለም። የፋብሪካ ሥራ ወዲያው ኑሮን ያሻሽላል የሚለውን ግምት ያናወጠው አማካይን ከአማካይ የማነጻጸር ስሌት ነው። ረቂቁ ሥራ ያለቀው ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ነበር።

«ቲዎሪ ቀድሞ» የሚለው ክርክር ከፊል እውነት ስላለው በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ያለ ፕሮባቢሊቲ ኢኮኖሜትሪክስ የለም፤ ትሪግቨ ሃቬልሞ እ.ኤ.አ. በ1944 ይህን አስረግጦ ጽፏል። ሃቬልሞ ያስጨነቀው ጥያቄ ግን ቁጥሮቹን ምን ዓይነት ሂደት አመጣቸው የሚለው ነበር። ዋጋና መጠን አብረው የሚወሰኑ ከሆነ አንዱን በሌላው ላይ ማስኬድ ምን ይለካል? ይህ የቲዎሪ ጥያቄ ነው፤ የቁጥሩ ምንጭ ጥያቄም ነው። ዛሬ በክፍል ቲዎሪ ተብሎ የሚሰጠው ግን በአመዛኙ የማትሪክስ ማረጋገጫና የታሳቢዎች ዝርዝር ነው። ተማሪው የኦኤልኤስን ምርጥነት በሰሌዳ ላይ ያረጋግጣል፤ ማረጋገጫው የቆመበት ታሳቢ በሰበታ ወይም በደብረ ብርሃን ባለ ገበያ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ታሳቢውን ያልተረዳ ሰው ቲዎሪውን ተምሯል ማለት ይቻላል? ሒሳቡ መቀነስ የለበትም፤ የሚያገለግለውን ጥያቄ ካየ በኋላ የሚማረው ተማሪ እንዲያውም አጥብቆ ይይዘዋል።

የቀጣሪው ክርክር አጭር መልስ ይበቃዋል። ትናንት ኤስፒኤስኤስ፣ ዛሬ ስታታ፣ ነገ ፓይተን ነው፤ ትእዛዝ መጻፍ ደግሞ በአሁኑ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚያግዝበት ሥራ ሆኗል። ከዕለት ወደ ዕለት እየረከሰ በሚሄድ ችሎታ ላይ ሦስት ዓመት ማፍሰስ ተማሪውን አይጠቅመውም። የፕሮጀክት ግምገማ የሚያሠራ ድርጅት የሚከስረው ትእዛዝ በማያውቅ ባለሙያ ሳይሆን ተጠቃሚዎቹ እንዴት እንደተመረጡ ሳይጠይቅ ሪፖርት በሚጽፍ ባለሙያ ነው።

የቀረው የክፍሉ መጨናነቅ ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ከጥያቄ መጀመር ግን ከሞዴል ከመጀመር የበለጠ ኮምፒዩተር አይጠይቅም። አንድ መጠይቅ ታትሞ ለመላው ክፍል ሊነበብ ይችላል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ ገበሬው ይህን ሲመልስ ምን ያስባል፣ ምን ይደብቃል፣ ምን ይረሳል የሚለውን መወያየት ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃዋል። ሃያ ማሳዎችን በሠንጠረዥ ሰጥቶ አማካዩን በእጅ ማስላት፣ ከዚያ ለሙን መሬት ለም ካልሆነው ለይቶ እንደገና ማስላትና መልሱ ለምን እንደተለወጠ ማስረዳት የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው፤ የተተወ ተለዋዋጭ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ይህን በእጁ የሠራ ተማሪ ነው። ሶፍትዌር ሲያስፈልግም አርና ግሬትል ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

ለውጡ መጀመር ያለበት ከመመረቂያ ጽሑፉ አመዛዘን ነው፤ ተማሪ የሚማረው የሚመዘንበትን ነውና። ሦስተኛው ምዕራፍ የሞዴሉን ቀመር ከመጻፉ በፊት መረጃውን ማን፣ መቼ፣ ከማን፣ በምን መለኪያ እንደሰበሰበው ይናገር። የሚነጻጸሩት ሰዎች ለምን እንደተለያዩ በተራ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ያስረዳ። ውጤቱን ሊያፈርስ የሚችለውን ዋነኛ ነገር ተማሪው ራሱ ቀድሞ ይጥቀስ፤ ከጠቀሰም ነጥብ አይቀነስበት፤ ይጨመርለት። ኮከብ ያላገኘ ግምት በጥሩ ንጽጽር ላይ ከቆመ በደካማ ንጽጽር ላይ ከቆመ ባለ ሦስት ኮከብ ይብለጥ። በዲፌንስ ዕለትም ፈታኙ «ለምን ይህን ሞዴል መረጥክ?» ከማለቱ በፊት «ዘሩን ያልወሰዱት ለምን አልወሰዱም?» ብሎ ይጠይቅ፤ ለዚህ መልስ የሌለው ተማሪ የቀሩትን ገጾች እንዲያቀርብ አይፈቀድለት።